«አመት» የሚባል ስም አላውቅም

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል የእኛ ቤት ሳሎን ትምህርት ቤት ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ እኔም ጋዜጣዬን ይዤ ጥጌን እይዛለሁ። ተማሪዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል። ዋይፋይ ያለው እኛ ቤት ስለሆነ ላፕቶፗን በጀርባ ቦርሳዋ ይዛ ትመጣለች። አስተማሪዋ ሜሪላንድ የምትኖር የአገራችን ልጅ ናት፤ እዚያ ገና ረፋድ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ እዚያው ከአሜሪካ የተሰባሰቡ አሥር አሥራ ሁለት ልጆች በየሳጥናቸው ሆነው ስክሪኑ ላይ ይደረደራሉ። የሚማሩት «ኮዲንግ» የሚሉትን ነገር ነው፤ ፓይተን በሚባል ቋንቋ። ቋንቋ መባሉ ነው የእኔን ጆሮ ያስቀሰረው። ሃያ ምናምን ዓመት ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ በገዛ ሳሎኑ የማያውቀው ቋንቋ እየተጻፈ እንዴት ብሎ ጋዜጣ ያነባል?

ደግሞ እኔ እንደጠበቅሁት ሥዕል እየጎተቱ ድመት የሚያስጨፍሩበት አይደለም። ጽሕፈት ነው። መስመር በመስመር፣ ነጥብ በነጥብ። ሌላው ቀርቶ አንድ መስመር ከሌላው ሥር መሆኑን ለማሳየት ገባ ብሎ መጀመር ግዴታ ነው። አንቀጽ ሲጀምሩ ገባ በሉ እያልኩ ስንቱን ተማሪ የለመንኩት ሰውዬ፣ ይህን የሚያስገድድ ቋንቋ መኖሩን ሳይ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ልጅቷ ዕድሜዋን መዝግባ በሚመጣው ዓመት ስንት እንደሚሞላት ኮምፒዩተሩን እንድታሰላው ታዛለች። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ሦስተኛው ቅጂ ወዲህ የነገሮችን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ጻፉ አይልም፤ የግዕዙንም ፊደል ይቀበላል። እሷም በአማርኛ «ዓመት» ብላ 12 ሰጠችው። ሦስት መስመር ወረድ ብላ ግን «አመት» ብላ ጠራችው። ኮምፒዩተሩ በቀይ አፈጠጠባት። እንግሊዝኛውን ወደ እኛ ስመልሰው እንዲህ ነው ያላት፦ አመት የሚባል ስም አላውቅም፤ ዓመት ለማለት ፈልገሽ ይሆን?

እኔ ከጥግ ሆኜ ስከታተል በደስታ ልፈነዳ! የአማርኛ መምህራን ስንት ዘመን የተነታረክንበት ነገር እኮ ነው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ሀዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ድምፃቸው አንድ ከሆነው ፊደላት አንዱን መርጠው ሌላውን መተዉን ነበር የመረጡት፤ የገዛ ስማቸውንም እንደዚያው ጻፉ። ሌላው ደግሞ ምሥጢር ይጠፋል ብሎ ይሟገታል። አንባቢው ሕዝብ ግን እንዳሻው ይጽፋል፣ እንዳሻው ያነባል፣ ይግባባልም። ዛሬ አንድ ማሽን ተነስቶ «እነዚህ ሁለቱ አይተዋወቁም» አለ።

የእኔን ደስታ ልጅቷ አልተጋራችኝም። አስተማሪዋ «ምን አለሽ? እስቲ ስክሪንሽን ለሁላችን አሳዪን» ስትላት ፊቷ ቀላ፣ ማይክሮፎኗን ከፈተችና «ቲቸር፣ ኔትወርክ አስቸገረኝ» ብላ ላፕቶፑን ከደነችው። ኔትወርኩ ምንም አላስቸገረም ነበር። እንዲህ ያለውን ውሸት እኔ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከየት እንደማውቀው ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መቼም የማስተማር አባዜ አይለቅምና፣ ይህ ትምህርት ከየት እንደመጣ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። እኔ ኮሮና ያመጣብን የትናንት ፋሽን ነበር የሚመስለኝ። ከእኔው ዕድሜ ጋር የሚፎካከር ሆኖ አገኘሁት።

በግንቦት ወር 1964 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ውስጥ ቤዚክ የተባለው ቋንቋ ሥራ ጀመረ። የፈጠሩት ሁለት የሒሳብ መምህራን ናቸው፤ ከሃንጋሪ የተሰደደው ጆን ኬሜኒና ቶማስ ኩርትስ። ኮምፒዩተር ያን ጊዜ ክፍል የሚሞላ ዕቃ ነው፤ ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይጠጋውም። እነሱ ግን ሒሳብም ፍልስፍናም የሚማረው ሁሉ ሊጽፍበት ይገባል ብለው ተነሱ። ብዙ ሰው አንዱን ማሽን በየተራ በቅጽበት እንዲጋራው አደረጉ፤ የመጻፊያው ማሽን በስልክ መስመር ስለሚገናኝ ደግሞ ጸሐፊው ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መሆን አላስፈለገውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአካባቢው ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዚያው መስመር ገቡ። እንግዲህ «ኦንላይን» ማለት ይኼው አይደል? ስክሪን እንኳ አልነበረም። ቴሌታይፕ የሚባለው ማሽን ፊደሉን እያንኳኳ ወረቀት ላይ ያትመዋል፤ ልጁ ይጽፋል፣ ወረቀቱ ይመልስለታል።

በእኛይቱ ልጅ ዕድሜ ወዳሉት ለመድረስ ሌሎች አራት ዓመታት በቂ ነበሩ። በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ከተማ አንድ የምርምር ድርጅት ውስጥ ዎሊ ፎይርዛይግ፣ ሲንቲያ ሰለሞን፣ ዳንኤል ቦብሮውና ሲሞር ፓፐርት በ1967 እ.ኤ.አ. ለልጆች ብለው አንድ ቋንቋ ሠሩ። በ1968 የትምህርት ዘመን ደግሞ ሌክሲንግተን በሚባለው ጎረቤት ከተማ፣ መዚ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ በቴሌታይፕና በስልክ መስመር ተማሩበት። ሰባተኛ ክፍል ነው የምላችሁ። በጽሑፍ፣ ከሩቅ፣ በመስመር ላይ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ዞሮ ዞሮ እኔ ሳሎን የገባው ትምህርት እሱ ነው።

የቋንቋው ስም ሎጎ ነው። ከግሪኩ «ሎጎስ» የመጣ ነው፤ ቃል ማለት። ኮምፒዩተር የቁጥር መፍጫ በነበረበት ዘመን እነዚህ ሰዎች ልጆቹን ያስጀመሯቸው በቃላት ነበር፤ ዓረፍተ ነገር የሚፈጥር ፕሮግራም፣ የምሥጢር ጽሕፈት፣ የእንቆቅልሽ ጨዋታ። ሎጎ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሳት ሥዕል የምትስለው ኤሊ የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ1970 ገደማ ነው።

ፓፐርት በ1980 ባሳተመው መጽሐፉ ጄኒ ብሎ ስለሚጠራት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይተርካል። ልጅቷ በትምህርቷ መካከለኛ ናት፤ ሰዋስው የሚባለው ነገር ትርጉም ሰጥቷት አያውቅም። ኮምፒዩተሩ በዘፈቀደ ቃላት እየመረጠ ግጥም መሰል ነገር እንዲጽፍ ታዘው ነበር። የገቡትን ቃላት ዝም ብሎ ሲያቀላቅል የማይገጥም ነገር ይወጣል። ለማሽኑ ይህኛው ስም ነው፣ ያኛው ግሥ ነው ብሎ ለይቶ መስጠት የግድ ሆነ። ይህችው ልጅ አንድ ቀን፣ ስምና ግሥ የሚባሉ ነገሮች ለምን እንደሚያስፈልጉ አሁን ገባኝ እያለች መጣች። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ ሰዋስው ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ «አሁን ለምን እንዳስፈለገ ገባኝ» ያለኝ ተማሪ አላስታውስም። የገባቸው የሚመስሉ ነበሩ፤ ለምን የሚለውን ግን እኔም አልነገርኳቸውም።

ፓፐርት የፕሪቶሪያ ልጅ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊ ሆኖ አፓርታይድን የተቃወመ፣ ኋላም ጄኔቫ ከዣን ፒያዤ ጋር የሠራ። ከሐሳቦቹ ሁሉ እኔን የያዘኝ ስለ ስህተት ያለው ነው። ትምህርት ቤት ልጁን ወይ አገኘኸው ወይ ሳትከው ብሎ ያስለምደዋል፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን በመጀመሪያው ሙከራ የሚሳካለት የለም፤ ስለዚህ ጥያቄው ልክ ነው ወይስ አይደለም ሳይሆን የቱ ጋ ነው የሚታረመው የሚል ይሆናል ባይ ነው። ይህ እምነቱ እስከ ማሽኑ አነጋገር ድረስ ወርዷል። ኋላ በየትምህርት ቤቱ የተዳረሱት የሎጎ ቅጂዎች ልጁ ያልተለመደ ነገር ሲጽፍ፣ ይህን እንዴት እንደማደርግ አላውቅም ይሉ ነበር። «አላውቅም» ያለው ማሽኑ ነው፤ ልጁን «አታውቅም» አላለውም። በዚያው ዘመን በየቤቱ የገቡት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ላይ የነበረው ቤዚክ ግን «የአገባብ ስህተት» ብሎ ዝም ነው። እንደ እኔ ዓይነቱ መምህር የጻፈው ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ላሳጥረው። ፓይተንን ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ ሆላንዳዊ በ1991 እ.ኤ.አ. አወጣው። መስመርን ገባ አድርጎ መጻፍን የወረሰው ቀድሞ አምስተርዳም ውስጥ ከሠራበት ለጀማሪዎች ከታሰበ ቋንቋ ነው፤ የዚያ ቋንቋ ስም ኤቢሲ ነበር፤ «ሀሁ» እንደማለት። በ2007 ደግሞ የፓፐርት ደቀ መዝሙር ሚቸል ሬስኒክና ባልደረቦቹ ስክራች የሚባለውን አመጡ። ትእዛዞቹ ባለቀለም ጡቦች ናቸው፤ ልጁ እየጎተተ ይገጣጥማቸዋል፤ የማይገጥመው አይገጥምም፣ ስለዚህ ፊደል መሳሳት ብሎ ነገር የለም። ለትንንሾቹ ግሩም ነገር ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዝ በመስከረም 2014 አዲሱን ሥርዓተ ትምህርቷን ሥራ ላይ ስታውል፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉት ከሚማሯቸው ቢያንስ ሁለት የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ የግድ በጽሑፍ የሚሠራ እንዲሆን ደነገገች። ጡብ ያለፉ ልጆች ወደ ፊደል ይሻገሩ ነው ነገሩ።

ወደ አገራችን ስመጣ የሩቅ ትምህርት ሌላ ትዝታ አለው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ «ፕላዝማ» ተሰቀለ። በሳተላይት የሚመጣው፣ ደቡብ አፍሪካ የተሰናዳው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል፤ የክፍሉ መምህር መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይፈቀድለታል። ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቃል፣ የተወሰነ ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ልጁ መለሰ አልመለሰ፣ ተሳሳተ አልተሳሳተ፣ የሚያውቅለት የለም። በፕላዝማ ተምረው የመጡ ልጆችን ዩኒቨርሲቲ ተቀብዬ አስተምሬያለሁ፤ ብዙዎቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ግን ጥያቄ ጠይቄ ዝም ስል፣ መልሱን ራሴው እስክናገር ድረስ በትዕግሥት ይጠብቁኝ ነበር።

ሌላም ሙከራ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ላሉ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌት ሰጠ፤ ያለ አስተማሪ። በጥቂት ወራት ውስጥ ልጆቹ እንዳይሠራ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ መክፈታቸውን ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በኩራት ተናገረ፤ ወሬው ዓለምን ዞረ። የልጆቹ ብልሃት አያስገርመኝም፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የማይፈታው ቁልፍ የለም። የገረመኝ «ያለ አስተማሪ» የሚለው እንደ ምርቃት መነገሩ ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ የከተማው ልጅ በቴሌግራም የፒዲኤፍ ወረቀት ይላክለት ጀመር፤ ስልክ የሌለው ያውም አልደረሰውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ዕቅድ ሲመጣም ብዙ ሰው በየስልኩ ተመዘገበ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ጎረቤቴ ያለ አንድ ወጣት ቪዲዮዎቹን በምሳ ሰዓት እየተመለከተ ጨረሰ። ምን ጻፍክ ብለው፣ መጻፍም አለ እንዴ አለኝ። ቀልዱን ይሁን እውነቱን እስካሁን አላወቅሁም።

አሁን ያንን ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኩትን ልናገር። የአብነት ትምህርት ቤታችን ሁለት ዓይነት መማር ነበረው። ንባብ ቤት ልጁ የኔታ ያሉትን ይደግማል፤ ተነሽና ወዳቂውን፣ ሰያፍና ተጣዩን ከሳተ ይታረማል፤ አንዳንዴም አርጩሜ አለ። ቅኔ ቤት ግን ሌላ ነው። ተማሪው ገለል ብሎ ጉባኤ ቃናውን ራሱ ቆጥሮ ያመጣል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙለታል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ያልተበላሸ ቅኔ ይዞ እስኪመጣ ድረስ አፉን ይያዝ የሚባል የለም፤ እየተበላሸ ነው የሚማረው። እኔ በክፍሌ ሁልጊዜ የቅኔ ቤቱን እያወደስኩ ንባብ ቤቱን ነበር የማካሂደው፤ ያውም ከነአርጩሜው።

ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደነበር ይቅር። ከገጠር የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ ነበረኝ፤ ስለ አንድ ልብ ወለድ የጻፈውን አሥር ገጽ ሰጠኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው እንዲያውም ከጥሩም በላይ ነበር። ግን ርዕሱ ላይ «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን «ስነ ጽሁፍ» ብሎ ጽፎታል። በቀይ ከበብኩትና ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጌ ይዤ «ይህ የማን ስነ ነው?» አልኩ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሀዲስ አለማየሁም ንጉሡን ሠ ትተው ይጽፉ እንደነበር ያን ዕለት አልነገርኳቸውም። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፉን እንዲያነብ ስጠራው ቤት ረሳሁት አለ። በሌላው ሳምንት አመመኝ አለ። እስኪመረቅ ድረስ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። «ኔትወርክ አስቸገረኝ» የሚለውን ቋንቋ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ኔትወርክ ሳይመጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቀረች ብዬ ነበር፤ መጣች። አስተማሪዋ ትምህርቱን የጀመረችው ስክሪኗን ለልጆቹ ከፍታ ነው፤ ሳምንቱን መሥሪያ ቤቷ ስትሠራ ያጋጠማትን ስህተት አሳየቻቸው። አንዲት ነጥብ ናት፤ ግማሽ ቀን ፈጅታባታለች። ልጆቹ ሳቁባት፤ እሷም አብራ ሳቀች። «እስቲ ደግሞ እናንተ» አለች። አንዱ የአማርኛውን ሁለት ነጥብ በእንግሊዝኛው ምትክ አስገብቶ ኮምፒዩተሩ የለም እንዳለው አሳየ። አንዷ በግዕዝ ቁጥር ፲፪ ጽፋ አልቀበልም ተብላለች። ከዚያ የኛይቱ ዝም ብላ ቆየችና ላፕቶፗን እንደከፈተች ስክሪኗን ለቀቀችላቸው። ዓመትና አመት።

ዱባይ ያለው ልጅ «ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ? ለምን ሁለት አ ኖረ?» ብሎ ጠየቀ። አስተማሪዋ ፈገግ ብላ «እኔም አላውቅም» አለች። የእህቴ ልጅ ወደ ጥጉ ዞራ «ጋሼ!» ስትል ጋዜጣው ከእጄ ወደቀ።

ካሜራው ፊት ተጎልቼ ያለኝን ነገርኳቸው። በግዕዙ ሁለቱ የየራሳቸው ድምፅ እንደነበራቸው፣ ዐይኑ ዐ ከጉሮሮ ጠልቆ የሚወጣ እንደነበር፣ አማርኛ ድምፁን ጥሎ ፊደሉን እንዳስቀረ። ሞክሩት ስላቸው ሁሉም እንደ ታመመ ሰው ያንቃርሩ ጀመር። የዱባዩ ልጅ ብቻ ቀና ብሎ «ይቺማ ዓረብኛ ውስጥ አለች፣ ትምህርት ቤት በየቀኑ ነው የምንላት» አለና ድምጿን ጥርት አድርጎ አወጣት። ቀጥሎም «ዓመትን እኮ እነሱም ዓም ነው የሚሉት» አለ። ይህን የሚያህል ነገር የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ እንዲያስተውሉ ስንት ሰዓት እንደምፈጅ እኔ ነኝ የማውቀው።

ትምህርቱ ሲያበቃ አስተማሪዋ «ጋሼ፣ እርስዎም አንድ መስመር ይጻፉልን» አለችኝ። አይ ብል አልሆነም። የእህቴ ልጅ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። በሁለት ጣቴ እየፈለግሁ፣ ኮምፒዩተሩ «ሰላም ልጆች» እንዲል የሚያዘውን ጻፍኩ። ቅንፉን ዘጋሁ፣ ጥቅሱን አረጋገጥኩ፤ ከዚያ እጄ በልማድ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አኖረች። ዓረፍተ ነገር አልቋላ! ቁልፉን ተጫንኩ። ቀይ ወጣ፤ ይህን ምልክት አላውቀውም ይላል።

ቶሎ ብዬ ልሰርዘው ስል የእህቴ ልጅ እጄን ያዘችኝ።

«አይሰረዝም ጋሼ፣ መጀመሪያ አሳያቸው።»

ኔትወርኩ አስቸገረኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።